የእትዬ ስንዱ ስለት

ስለቱን የሚያስቀር ሰው ስለበዛ፣ «ቁልቢ በእግሬ እሄዳለሁ» ያለ ሁሉ በሕግ ጫማ ይጠለቅለታል። ጸሎቱ በሰመረበት ቅጽበት ጫማው ይነዳዋል፤ ከገብርኤል ደጅ ሳይደርስም አይወልቅም።

እትዬ ስንዱ ልጃቸው በሰላም እንድትገላገል ሲሳሉ «ከአራስ ቤት ስትወጣ» ማለቱን ረሱት።

ዛሬ የአራስ ገንፎ ሲያገነፉ ከጓዳ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ጫማው ከነማማሰያቸው ከግቢ አወጣቸው።

«ሕፃኑን አንዴ ልየውና እሄዳለሁ፣ አንተ ከይሲ!»

ጫማው ወደኋላ ወይ ፍንክች።

«እትዬ ስንዱ፣ ምን ተወለደ?» አለ ጎረቤታቸው ወንድይፍራው በአጥር ላይ።

«ዝም በል፣ እልልታውን ልቁጠርበት!»

ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ጫማው ይዟቸው በመንገዱ ጥግ ታጠፈ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰማቸው የገዛ ኮቴያቸው ብቻ ሆነ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉት ማማሰያውን፤ ከቤት አብሯቸው የወጣው እሱ ብቻ ነበር።