ኦካሳን

አዲስ አበባ የሚኖሩ ጃፓናውያን፣ ልጆቻቸው ቋንቋቸውን እንዳይረሱ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምሩባት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበረቻቸው። ሚዩኪን እዚያ ያስገባት ጃፓናዊ አባቷ ነው፤ እሱ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ ሌላ ትዳር መሠረተ። እናቷ ልብስ እየሰፋች አሳደገቻት፤ ከቅዳሜ ትምህርቷም አንድ ቀን አላስቀረቻትም።

"አባትሽ ሲመጣ በቋንቋው ታናግሪዋለሽ" ትላታለች።

ልጅቷ ከፍ ስትል ግን፣ "አንቺ አትግቢ፣ በር ላይ ጠብቂኝ" ማለት ጀመረች። እናት ትጠብቃለች።

የዓመቱ መዝጊያ ዕለት ዘበኛው አዘነላትና፣ "እትዬ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ እንጂ" ብሎ አስገባት። ሚዩኪ መድረክ ላይ ሆና በጃፓንኛ ትናገራለች። እናት ከንግግሩ ሁሉ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ኦካሳን"፣ እናቴ። ልጅቷ ቃሉን ደጋግማ ጠራችው። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። እናትም እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ "ለካ እንዲህ ትወደኛለች" አለች በልቧ።

ጭብጨባው ሲያበቃ፣ አማርኛ የምትሞክር አዲስ መምህርት አጠገቧ መጥታ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

"እርስዎ ሞግዚቷ ነዎት አይደል? ሚዩኪ ነግራናለች። እናቷ ከሞተች በኋላ እንደ ልጅዎ አሳደጓት። በጣም እናመሰግናለን።"

እናት ቀና ስትል ከሚዩኪ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። የልጅቷ ፊት አመድ መስሏል።

"አዎ" አለች እናት። "ሞግዚቷ ነኝ።"

ሚዩኪ እፎይ ብላ ወደ ጓደኞቿ ዞረች።