ከአባቱ በፊት አራት መቶ ሰው የሰማው መርዶ

"ልጄ፣ እስቲ ድጋሚ ደውልልኝ... ምናልባት አሁን ያነሳል።"

ዲላ መናኸሪያ በር ላይ የሞባይል ካርድ የምትሸጠው ሚስራ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች።

"አሁንም ዝግ ነው አባባ።"

"ባትሪ አልቆበት ነው... ሲነካካው ነው የሚውል!" አሉና ሳቁ።

የአባባ ጴጥሮስ አማርኛ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚጠራው። ሚስራ የዲላ ልጅ ናት፣ ለምዳዋለች።

ሽማግሌው በማለዳ ከመንደራቸው ከኢዲዶ በሞተር ይርጋጨፌ ወጥተው፣ ከዚያ በሚኒባስ ዲላ የገቡት ልጃቸውን በፍቃዱን ሊቀበሉ ነው።

በፍቃዱ ሐዋሳ ነው የሚሠራው። "አባዬ፣ ቅዳሜ መጥቼ ዓይንህን አሳክምሃለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ጠብቀኝ" ብሏቸው ነበር።

አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል...

"ዛሬ ደግሞ ሰው ምን እንደነካው እንጃ" አሉ ባለቁልፍ ስልካቸውን እያገላበጡ። "አራት ሰው ደወለልኝ። 'ጋሼ፣ ደህና ነህ?' ይላል። 'ደህና ነኝ፣ ምነው?' ስለው 'አይ፣ እንዲሁ ነው' ብሎ ይዘጋል። ሰው ሁሉ ዛሬ እኔን ናፈቀ መሰለኝ።"

ሚስራን አንጀቷን በሏት።

"አባባ፣ ልጅዎ ፌስቡክ አለው?"

"ሞልቶ!" አሉ በኩራት። "ፎቶውን ሁሉ እዚያ ነው የሚያወጣ ይላሉ።"

"እንግዲያው በዚያ መልእክት ልላክለት። ሙሉ ስሙ ማነው?"

"በፍቃዱ ጴጥሮስ።"

ጻፈች... ፎቶው ወጣ...

ሚስራ ክው አለች።

ፎቶው ላይ ሻማ ተለጥፎበታል። "ዛሬ ማለዳ በመኪና አደጋ ያጣነው ወንድማችን..." ይላል። ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት፣ የተሰበረ ልብ... አራት መቶ አሥራ ሁለት ኮመንት።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ምን ትበል?

ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ኔትወርክ እምቢ አለ አባባ..."

ዋሸች። ፊቷ ግን አብሯት አልዋሸም።

አባባ ጴጥሮስ ትክ ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ፊደል መለየት አቅቶት ይሆናል እንጂ የሰው ፊትማ ያነባል።

"ልጄ... በፍቃዱ ሞተ?"

ሚስራ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሽማግሌው አልጮሁም። እሷ የምትቀመጥባት ዱካ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወሬው ከስልኩ መምጣቱ ገብቷቸው በእጃቸው ጠቆሙት።

"እነማን ናቸው የጻፉት? አንብብልኝ።"

"አባባ፣ ይቅርብዎ..."

"አንብብልኝ ልጄ።"

አነበበች። "'ነፍስ ይማር'... 'ጌታ ቤተሰቡን ያጽናና'... ይቺኛዋ ገበያነሽ የምትባል ናት... ይሄ ደግሞ ከፈለኝ ወልደዮሐንስ..."

"ከፈለኝ? ጎረቤቴ ከፈለኝ? መቼ ነው የጻፈው?"

"ከአራት ሰዓት በፊት ይላል።"

"ከአራት ሰዓት በፊት..." አሉ አባባ ጴጥሮስ። "ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ ተቀምጦ ነበር።"

አዎ... አባትየው አጠገብ ተቀምጦ፣ ስለ ልጅየው ሞት ጻፈ!

ለመፍረድ አትቸኩሉ። ከፈለኝ ክፉ ሰው አይደለም። በአገሩ ወግ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው። ስለዚህ ከፈለኝ አፉን ያዘ። የደወሉት አራት ሰዎችም የአባባን ድምፅ ሲሰሙ ጨነቃቸውና ዘጉት።

ግን ካሉበት ሄዶ ወደ ቤት የሚመልሳቸው ጠፋ...

ሁሉም ፌስቡክ ላይ አየ። ሁሉም ጻፈ። ሁሉም "መቼም አንዱ ይነግራቸዋል" አለ።

አሁን የሚያመውን ልንገራችሁ...

ኢዲዶ ውስጥ ሰላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሲሞት "ጴጥሮስን ጥሩ" ነበር የሚባለው።

መርዶ ነጋሪው እሳቸው ነበሩ!

ዝናብ ሳይሉ፣ ጭቃ ሳይሉ፣ በእግራቸው እየሄዱ የስንቱን ሰው ሐዘን ደግፈው ይዘዋል። የከፈለኝ እናት የሞተች ጊዜ እንኳ እሱ ወደነበረበት ዱመርሶ ድረስ ሄደው የነገሩት፣ ራሱን ሊፈጠፍጥ ሲል አቅፈው የያዙት እሳቸው ናቸው።

የራሳቸውን መርዶ ግን የማያውቋት ልጅ መናኸሪያ ላይ ከስልክ አነበበችላቸው።

ሚስራ ለእናቷ ደውላ ካርዱን ለጎረቤት አደራ ሰጠች። ነጠላዋን አጣፍታ የሽማግሌውን እጅ ያዘች።

"ወዴት ልጄ?"

"ቤትዎ ነዋ አባባ። ብቻዎን አይሄዱም።"

ዘመዳቸው አይደለችም። ሃይማኖታቸውም አንድ አይደለም። ኢዲዶንም በስም እንጂ አታውቀውም። ግን ሄደች!

ሲደርሱ ደጁ በሰው ሞልቷል። አስከሬኑ ቀድሟቸው ገብቷል።

ቀድሞ ከዲላ የተመለሰው ከፈለኝ እየሮጠ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ጋሼ፣ ይቅር በለኝ... እኔ እኮ... ጽፌ ነበር።"

አባባ ጴጥሮስ ጎንበስ ብለው አነሱት።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉት። "ይሄ ልጅ አነበበልኝ።"

ከዚያ በኋላ ነው ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት...

ወዳጆቼ... ስልክ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። እኔም ከእናንተ ጋር የማወራው በእሱ ነው። ግን ስልኩ ሁላችንንም ወሬ ሰሚ አደረገንና አንድም ሰው መንገድ የሚጀምር ጠፋ። የሚያለቅስ ፊት መለጠፍ ለቅሶ መድረስ አይደለም። ሐዘንተኛ ትከሻ ነው የሚፈልገው፣ ትከሻ ደግሞ በኔትወርክ አይላክም።

እኔ ራሴ ስንት ቀን "አይዞህ" ብዬ ጽፌ፣ ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ተኝቻለሁ። ዛሬ አፈርኩ።

እባካችሁ ከዚህ ሥር "ነፍስ ይማር" ብላችሁ አትለፉ። ይልቅ ከልባችሁ መልሱልኝ...

በእግራችሁ መድረስ እየቻላችሁ፣ ጽፋችሁ ብቻ ያለፋችሁት ሐዘን የማን ነበር?