ያልተሰካው ሞኒተር

የመመረቂያ ጽሑፌን ለፈታኞች ላቀርብ አንድ ሰዓት ሲቀረኝ ላፕቶፔ የማቀርብበትን ክፍል ሞኒተር አላውቅም አለኝ። ስክሪን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። አሁን ሁለት ስክሪን ተገናኝቷል ይላል። የሞኒተሩ ገመድ ግን ሳይሰካ ገና እጄ ላይ ነው።

ይባስ ብሎ ስላይዶቼን ስከፍታቸው ወደ ቀኝ ተንሸራተው ከዓይኔ ተሰወሩ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ለሆነው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ።

«ዊንዶውስ ይቅርብኝ፣ ላፕቶፔ በሊኑክስ ካልሠራ ሞቼ እገኛለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ» አለ እየሳቀ።

«ወንድም ጋሼ፣ ቀልዱን ተወውና መላ በለኝ።»

«የሌለ ሞኒተር ላይ ተከፍተው ነው። በላፕቶፑ በራሱ የስክሪኑን ፎቶ፣ ስክሪንሾት፣ አንሺ፤ ሁለቱንም ያሳይሻል።»

አነሳሁ። በፎቶው ቀኝ ግማሽ ላይ የመጀመሪያው ስላይድ አለ። ለማረጋገጥ ደግሜ አነሳሁ። ሦስተኛው ሆኗል።

«ወደፊት እየሄደ ነው» አልኩት።

«በራሱ እንዲሄድ አድርገሽው ይሆናላ።»

አላደረግኩም። እንደገና አነሳሁ። አሥራ አራተኛው ላይ፣ ሠንጠረዡ ጋ ቆሟል። በአንዱ ቁጥር ዙሪያ ቀይ ክብ ተሠርቷል።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ሳልለካ በግምት የሞላሁት እሱን ብቻ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።