ከረጋ

ሐኪሙ ከልጇ ክንድ የቀዳውን ደም በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አድርጎ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «በእጅዎ ይሙቅ፤ እንዳይነቀንቁት» አላት። የልጅቷ ትርፍ አንጀት ፈንድቶ ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነቷን አዳርሶ ነበር። ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ኢንፌክሽኑን ሲታገሉ አልቀው እንደሆነ የሚለየው በዚህ ብልቃጥ ነው። ደሙ ከረጋ እዚሁ ወልድያ ቀዶ ጥገና ትገባለች፤ ካልረጋ ቢላ አይነካትም። ወደ ደሴ ሆስፒታል ትላካለች፤ እዚያ እስክትደርስ ትቆይ እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ብልቃጡ እንዳይነቃነቅ ጭብጧን ደረቷ ላይ ብታስደግፈው ልቧ ራሱ ይነቀንቀው ነበር። አጠገቧ የተቀመጡ፣ ከሐራ ከተማ የመጡ አሮጊት አይተዋት፣ «ሽቶ ነው እንዴ እንዲህ የምትሸሽጊው?» ብለው ቀለዱባት።

«የልጄ ደም ነው፣ እናቴ። እንዳይነቃነቅ ተብያለሁ።»

አሮጊቷ ሳቃቸውን ዋጡ። «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉና በሁለት ሻካራ እጆቻቸው ጭብጧን ግጥም አድርገው ያዙላት። ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሐኪሙ ተመልሶ «አሁን ይዘቅዝቁት» ሲላት ጣቶቿ አልፈታ አሉ፤ አሮጊቷ አንድ በአንድ አላቀቁላት። ብልቃጡን ዘቀዘቀችው። ደሙ ከሥሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ረግቷል! አስገቧት!»

የልጇ አልጋ ጎማው እየተንጫጫ በፊቷ አለፈ። «ገባችልሽ እኮ! በይ አስቀምጪው» አሉ አሮጊቷ። እሷ ግን ዓይኗን ከብልቃጡ አልነቀለችም። የሟች ባሏንም ደም በዚሁ እጇ እንዲህ ዘቅዝቃ ነበር፤ ያኛው ፈሰሰ። ይሄኛውም ይፈስ እንደሆነ እያየች፣ እንደዘቀዘቀችው ቆማ ጠበቀች።