ከጆንያው ሥር ያሉት

ጆንያውን በእስክሪብቶዬ ጫፍ ገለጥ አደርገዋለሁ።

ከውኃ በርሜሉ ኋላ፣ የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ በማይደርስበት ጥግ፣ ቅጠላቸው እንደ ላባ የተተለተለ እጽዋት በአራት መስመር ተተክለዋል። አርባ አንድ ናቸው። አፈሩ ርጥብ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ጠጥተዋል።

“አላልኩሽም፣ እህቴ?” ይላል ጥበቃው ከኋላዬ ሆኖ። “ታራሚ አረም ሊያርም መጣ ሲሉኝ ያን ዕለት ነው የሳቅኩት። አመል ያወጣል ከመሀል! ሐሺሽ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው።”

ታራሚው መኮትኮቻውን እንደያዘ ቆሟል። በስርቆት ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ስምንት ወር ታስሯል፤ የቀረውን እዚህ እየሠራ እንዲጨርስ ፍርድ ቤቱ ፈቅዶለታል። እኔ የጣቢያው ኃላፊ ነኝ። በየዓርቡ ስለ እሱ ቅጽ እሞላለሁ፤ ዛሬ ዓርብ ነው። አራተኛው ጥያቄ “በንብረት ላይ ጉዳት አድርሷል?” ይላል። “አዎ” ካልኩ ተመልሶ ይታሰራል።

ሦስት ሳምንት ተከታትዬዋለሁ። በቀን ሁለቴ ወደ በርሜሉ ይሄዳል። ሲሄድ ኪሱ ያብጣል፤ ሲመለስ ባዶ ነው።

ተንበርክኬ አንድ በአንድ አያለሁ። ሐሺሽ የለም። ሠላሳ ስምንቱ ተራ አረም ነው። ሦስቱ ግን የእኔ የግራቪሊያ ችግኞች ናቸው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ከመደቡ የነቀልኳቸው ናቸው፣ እትዬ። አረም ይሁኑ ችግኝ ያልለየኋቸው።” በመኮትኮቻው ወደ መስመሮቹ ይጠቁማል። “ተሳስቼ ከሆነ ሳይደርቁ እንድመልሳቸው ብዬ ነው።”

“ለምን አልጠየቅከኝም?”

“አላውቅም ያልኩ ቀን ወደ እስር ቤት ይመልሱኛላ።”

“አረም የሚያጠጣ ጤነኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?” ይላል ጥበቃው። “ተረቱን ለልጆቹ ያውራላቸው።”

ተረት ሊሆን ይችላል። ሌባ ሰበብ አያጣም። ከሦስቱ ችግኞች አንዱን ነቅዬ አሳየዋለሁ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“አረም...” ብሎ ይጀምራል። ቅንድቤ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። “አይ፣ ችግኝ ነው።” ትኩር ብዬ አየዋለሁ። “ማለቴ... አረም ሳይሆን አይቀርም።”

ቅጠሉን አንዴም አላየውም። የሚያነበው ፊቴን ነው።

ችግኙን መዳፉ ላይ አስቀምጬ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ።

“አሁን ንገረኝ።”

ጥበቃው ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጄ ዝም አሰኘዋለሁ። የቅጹ አራተኛ ጥያቄ ገና ባዶ ነው።

“ሆዱ ነጣ ይላል” ይላል በመጨረሻ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። “የላዩ አረንጓዴ፣ የሥሩ ነጭ። ይሄ የእናንተ ነው።”

ጉልበቱ አፈር ሲነካ እሰማለሁ። ዞር ስል የቀሩትን ቅጠል አንድ በአንድ እየገለበጠ ነው።