በሰኞ የሚቆጠር የሞተር ዘይት

«አብዱልጀሊል... ዛሬ እውነቱን ልነግረው ነው!»

መካኒኩ አብዱልጀሊል የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

«ኧረ በአላህ እንዳይነግሩት! ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ረመዳን ሊገባ ነው እኮ ልጄ... የዋሸሁትን ልጅ አፉ በለኝ ሳልለው እንዴት እጾማለሁ?»

እማማ ፋጡሜ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው የባቲ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። የዛሬው ሰኞ ከረመዳን በፊት የመጨረሻው ነው... ልጃቸው ኢርፋን ደግሞ የመኪናውን ዘይት ሊያስቀይር እየመጣ ነው።

ውሸቱ ምን መሰላችሁ?

ኢርፋን የሚኖረው ከሚሴ ነው። ከከሚሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል።

በሰው መኪና ይሠራ በነበረበት ጊዜ እናቱን የሚያየው ከዒድ ዒድ ነበር። ኮምቦልቻ ደርሶ ይመለሳል... ባቲ አፍንጫው ሥር ሆና ዞር ብሎ አያያትም።

ሲደውልም «እማዬ ደህና ነሽ? እሺ በቃ ተሳፋሪ መጣ...»

አለቀ! ወሬው ይቺው ናት።

አምና አላህ ብሎለት የራሱን አዲስ ሚኒባስ ገዛ። ባቲ ይዟት መጣ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ አደረገላት፣ ሽማግሌዎቹም መረቁለት።

ከምርቃቱ በኋላ ግን ክርክር ተነሣ።

«አዲስ መኪና ናት፣ እስከ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ዘይቷን እንዳትነካው» አለ አንዱ።

«በዚህ አቧራ? በዚህ የባቲ ሙቀት? አምስት ሺህም በዝቷል!» አለ ሌላው።

«የመጀመሪያውን ግን በሺው ድፋው። አዲስ ሞተር የብረት ብናኝ አያጣም» አለ ሦስተኛው።

ኢርፋን ግራ ገባው። «በቃ፣ አብዱልጀሊል ያለው ይሁን» አለ። አብሮ አደግ ጓደኛው ነዋ!

እማማ ፋጡሜ ይህን ሰሙ... ሰሙና መካኒኩን ቀስ ብለው ወደ ጓሮ ጠሩት።

«ኪሎ ሜትር ምናምኑን ተወውና በየሦስት ሰኞው ባቲ እየመጣህ ቀይር በለው።»

«እንዴ! ዘይት በገበያ ቀን ይቆጠራል እንዴ?»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሁሉንም ነገር በባቲ ገበያ ነው የቆጠርኩት። ዘይት ከምን ይበልጣል? ደግሞ ሞተሩ እስከ ከሰዓቱ የአሱር ሶላት መቀዝቀዝ አለበት በልልኝ... ምሳ አብልቼ እንድሸኘው።»

አብዱልጀሊል ምን ይበል? የእናት ዓይን እያየው እምቢ ማለት አቃተው።

ከዚያ ወዲህ ኢርፋን በየሦስተኛው ሰኞ ከች ይላል... የዘይት ጋሎኑን አንጠልጥሎ። መኪናዋን ለጓደኛው ይሰጥና እናቱ ቤት ገብቶ ይበላል፣ ያወራል፣ እንደ ልጅነቱ ምንጣፉ ላይ ጋደም ይላል።

እማማ ፋጡሜ ደስታቸው ወሰን አጣ።

ግን ከተሸኘ በኋላ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። «ልጄ በላቡ ያገኘውን ገንዘብ ዘይት አድርጌ አስደፋሁበት» ይላሉ። እውነቱን እንዳይነግሩት ደግሞ... መምጣቱን ሊያቆም ነው። ሊያዩት እንደገና ዒድን ሊጠብቁ ነው።

ዛሬ ግን ቆርጠዋል።

ሚኒባሷ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ኢርፋን ጋሎኑን ይዞ ወረደ።

«አካም ጅርታ እማዬ! ምነው ዛሬ ከገበያ ወጣሽ?»

እማማ ፋጡሜ እጁን ያዙት።

«ልጄ... ዘይቱ በሰኞ አይቆጠርም። እኔ ነኝ ያልኩት። አንተን ማየት ፈልጌ ነው። በከንቱ አከሰርኩህ... አፉ በለኝ።»



አብዱልጀሊል መሬት መሬቱን ያያል።

ኢርፋን ጋሎኑን እናቱ እግር ሥር አስቀመጠው።

«እማዬ... እስቲ ክዳኑን እዪው።»

ጎንበስ ብለው አዩት። ጋሎኑ አቧራ ጠጥቷል። የክዳኑ ማሸጊያ ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው... ማንም አልነካውም!

«ሁልጊዜ ይዤ የምመጣው፣ ሁልጊዜም ይዤ የምመለሰው ይቺኑ ጋሎን ነው። ዘይቱንማ በየአምስት ሺው ከሚሴ አስቀይራለሁ። የመጀመሪያውን በሺው አስደፍቼዋለሁ።»

«ታዲያ ይሄ እዚህ ምን ሲሠራ ነበር?» ብለው ወደ መካኒኩ ዞሩ።

«ኮፈኑን እከፍታለሁ... እዘጋለሁ» አለ አብዱልጀሊል አንገቱን እያከከ። «ለእናቱ ብዬ ዋሸሁ፣ ግን የጓደኛዬን ገንዘብ ማስደፋት ሐራም ነው ብዬ ያን ዕለቱኑ ነገርኩት። አሁንም አይንገሩት ያልኩት ለዚህ ነው... ነገሩ አምሮብን ነበር እኮ!»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይሄ ነው።

«ታዲያ እያወቅህ ለምን ዝም አልከኝ?» አሉት ልጃቸውን።

ኢርፋን የእናቱን እጅ መልሶ ያዘና...

«ናፈቅከኝ ብትይኝ ‹እሺ፣ ሰሞኑን እመጣለሁ› ብዬ እቀር ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። እናቴ እኔን ለማየት የመኪና ዘይት ሰበብ እስክትፈልግ ድረስ አደረስኳት ብዬ አፈርኩ። አፉ ብዬሻለሁ... አንቺም አፉ በይኝ።»

እማማ ፋጡሜ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አለቀሱ... ሳቁም።

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ደግሞ ስንት ዘይት አስደፋሁ እያልኩ ስቃጠል!»

ከዚያ ሚኒባሷን ዞር ዞር ብለው አዩና ጎማዋን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«እኔ ምለው አብዱልጀሊል... የጎማው ንፋስስ? እሱ በየሰኞው መለካት የለበትም?»

«ኤዬ!» አለ አብዱልጀሊል እየሳቀ። «በየሰኞው ነው! ሳይዛነፍ!»

ኢርፋንም ይኸው ረመዳንን ሙሉ በየሰኞው እየመጣ እናቱ ቤት ያፈጥራል... ጎማ ሊያስለካ!

ወዳጆቼ... ወላጅ «ናፈቅከኝ» ማለት ሲከብደው በሰበብ ይጠራናል። ሰበቡ እውነት ነው ውሸት ነው ብለን አንመርምር። ተነሥተን እንሂድ።

እስቲ እናንተስ... እናትና አባታችሁ ሊያዩዋችሁ ሲፈልጉ የሚያመጡት ሰበብ ምንድን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የሄዳችሁትስ መቼ ነው?