ጤነኛው ካርቡራተር

«እምቢ አለ እኮ፣ አያ ይርሳው! ይነሳና መልሶ ጥፍት ይላል» አለ ወንዱ፣ አሮጌ ሞተሩን እየገፋ ወደ ማህሳኗ ሲያስገባ።

እሑድ ማለዳ ነው፤ ሰፈሩ ሻአሪያ ገና ከእንቅልፏ እየተነሳች ነው። ይርሳው ግን ከፎቁ ሥር ባለችው ማህሳን፣ ለዕቃ ማስቀመጫ ተሠርታ እሱ ጋራዥ ባደረጋት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አምፖሉን አብርቶ ቁጭ ብሏል። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ታናሽ እህቱ ዘሪቱ ከሐሙስ ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ጎንደር ላይ ወደ እስራኤል የምትገባበትን ዓሊያዋን ስትጠብቅ ፀጉሯ የሸበተ፣ ኩላሊቷን የታመመች፣ በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት እህቱ!

«ኔትወርክ ነው» ትለዋለች ሚስቱ ፈንታዬ። ትናንት ቅዳሜ፣ ሰንበትን ሙሉ ግን ዓይኗ አብጦ ነው የዋለው። ሲጠይቃት «አለርግያ ነው፣ ተወኝ በቃ» ብላ ፊቷን አዞረች።

«ደግሞ ለሥራ ረፍዶብኛል» አለ ወንዱ። ምግብ በሞተር እያደረሰ የሚያድር የይርሳው አክስት ልጅ ነው።

«በሰደር፣ እሺ፣ አሁን እናየዋለን።»

ይርሳው ሥራ ማግኘቱን ወደደው። እጁ ሥራ ሲይዝ ሐሳቡ ጋብ ይልለታል። ካንዴላውን ፈትቶ አየው፤ ደረቅ ነው፣ ደህና ነው። ካርቡራተሩን አውርዶ የታችኛውን ሳህን ከፈተ። ቤንዚኑ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሏል። ተንሳፋፊው ከፍ ዝቅ ይላል። ቀጭኗን የነዳጅ ቀዳዳ ወደ አምፖሉ አቅንቶ ቢያያት ምንም አልደፈናትም።

«ይሄ ምኑ ታመመ?» አለ።

«እኔ እንጃ። ቀስ ብለው ይሥሩት፣ አያስቸኩልም።»

አሁን ረፍዶብኛል ያለ ሰው! ይርሳው ቀና ብሎ አየው። ወንዱ ዓይኑን ሰበረ፤ ሄዶም በሩ ላይ ቆመና ግቢውን በጀርባው ከለለው።

ይርሳው ሞተሩ ሳይሄድ ቆሞ ሲሠራ እንዳይጠፋ ወደምትይዘው የሚኒሞ ብሎን ዞረ። ለፔሳህ በዓል ራሱ ነው ያስተካከላት። ካስተካከለ በኋላም፣ እንደ ልማዱ፣ የፈንታዬን ቀይ የጥፍር ቀለም ብሎኗና ብረቱ ላይ በአንድ መስመር ነካ አድርጎባታል፤ ማንም ቢነካት እንዲያውቅ። መስመሩ ተዛንፏል። የብሎኗ አናት ላይ ካቻቢቴ የጫረው አዲስ ጭረት ያብረቀርቃል። አንድ ሰው ሆን ብሎ፣ ዛሬ ጠዋት፣ አላልቷታል። ወንዱ ደግሞ አምፖል እንኳ ሰው ጠርቶ የሚያስቀይር ልጅ ነው፤ በራሱ ሐሳብ አይነካትም።

«ማነው የነካት?»

ከወንዱ ትከሻ በላይ፣ ከግቢው ማዶ፣ ነጭ ጥምጥም ሲያልፍ ይርሳው አየ። የሰፈራቸው ቄስ ኤሊያስ ናቸው። ከኋላቸው ሽማግሌዎች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ደረጃውን የሚወጣ እግር በላይ በላዩ ተሰማ፤ ወደ እሱ ቤት።

መርዶ በሰንበት አይነገርም፤ በጨለማም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። እስኪሰበሰቡ ደግሞ ባለ ሐዘኑን አንድ ሰው በሆነ ነገር ይይዘዋል። ይርሳው ይሄን ሥራ አሳምሮ ያውቀዋል። የጎረቤቱ የቢያድግልኝ አባት ያረፉ ጊዜ፣ ጎማ እንምረጥ ብሎ ቢያድግልኝን ከሱቅ ሱቅ ያዞረው እሱ ነበር። እንዴት ያለ ቀልድ አውርቶለት ነበር! አስቆት ነበር እኮ!

ዘሪቱ። ወይኔ ዘሪቱ፣ እናቴ!

ካርቡራተሩን ገጠመ። ብሎኗን ቀይዋ መስመር እስክትገናኝ ድረስ አዞራት። ሞተሩን ሲያስነሳው አንዴም ሳይንተፋተፍ ድምፁን ለቀቀ። ሕንፃው ሁሉ ሰማው። ወዲያው ከላይ በር ተከፈተ፤ እግሮቹ ወደ ታች ይወርዱ ጀመር።

ቄስ ኤሊያስ ደጃፉ ላይ ደረሱ። ወንዱ ከበሩ ገለል አለላቸው።

«ልጄ ይርሳው፣ ጨረስክ?»

ይርሳው እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋው። ካቻቢቴውን አንስቶ ብሎኗን መልሶ ፈታት፤ ሳህኑንም ፈታው።

«ገና ነኝ፣ አባቴ» አለ። «ትንሽ ቆሻሻ ቀርቶበታል።»

ቄሱ አላጣደፉትም። ባዶ የዘይት ጣሳ ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ወንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይርሳው ቀጭኗን ቀዳዳ ወደ አምፖሉ አቅንቶ አያት፤ ብርሃኑ ጥርት ብሎ አለፈባት። ከዚያ ወደ አፉ አስጠጋና ይነፋት ጀመር።